በሬ ሆኖ የመጣው ሸርጣን

ኦቦ ደገፋ ማረፋቸውን የሰማሁት በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከቡራዩ ወደ ሰበታ ሥራ ልገባ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ አየር ጤና ደርሼ ነበር። መጀመሪያ የጻፈው ኃላፊያችን ዶክተሩ ነው። «ታታሪና ቅን ባልደረባችን ኦቦ ደገፋ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» ይላል፤ ከሥሩ የበራ ሻማ፣ የተጋጠሙ እጆችና የሚያለቅስ ፊት ደርድሮበታል። ምራቄ መረረኝ። ሰውየው በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ አፉን ሞልቶ ባልደረባዬ ብሏቸው አያውቅም፤ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ከግቢው ያስወጣቸውም እሱ ነው።

ሌሎቹም ተከታተሉ። ከእሳቸው እጅ አንድ ብርጭቆ ውሃ መቀበል ይጸየፉ የነበሩ ሰዎች «ምን ዓይነት ሰው አጣን» እያሉ ይጽፋሉ። እኔም ጻፍኩ። «ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን» ብዬ ሻማም ጨመርኩበት፤ ስለዚህ ስለ ሌላው ሰው አስመሳይነት ሳወራ ራሴን ከመሀል ያወጣሁ እንዳይመስላችሁ። ከሁሉም የባሰውን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እወቁልኝ፤ ተጸያፊ ነኝ። ፀጉር የወደቀበት ወጥ ካየሁ ቀኑን ሙሉ እህል አይወርድልኝም። እናቴ «የዚችን ልጅ አፍንጫ ማን ይችለዋል» ትል ነበር። እንዲህ ያለችውን ሰው ዕድሏ ሰበታ ውስጥ ሸርጣን የሚያጠና ላቦራቶሪ ጣላት። ባዮሎጂ ተምሬ ስጨርስ ያገኘሁት ሥራ እሱ ብቻ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽተን ቡራዩ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም፣ ማማረጥ አልቻልኩም።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወንዞች ሸርጣን ይሰበሰባል። ከእያንዳንዱ አንድ እግር ይቆረጥና ከውስጡ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ትወጣለች። ሥጋዋ በፈሳሽ ትሟሟለች፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት የዘረመል ቁራጭ ተባዝታ ወደ ውጭ አገር ትላካለች፤ እዚያ ፊደል በፊደል ተነብባ ትመለሳለች። ንባቧን የዓለም ተመራማሪዎች በጋራ ካጠራቀሙት መዝገብ ጋር ስናስተያይ እንስሳው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሱፐርማርኬት ውስጥ ብስኩቱን በጥቁር መስመሮቹ እንደሚለዩት ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፣ ባርኮድ ይሉታል። መዝገቡ ውስጥ ወንድምም እህትም የሌለው ንባብ ከመጣ ማንም ያላወቀው ዘር ተገኘ ይባላል። ኃላፊያችን ዶክተሩ የሚኖረው ለዚያች ቀን ነበር። ፊት ለፊት እርስዎ እያልኩ ነው የማናግረው፤ እዚህ ግን እሱ ይበቃዋል።

ሸርጣኑን የሚሰበስቡልን ኦቦ ደገፋ ነበሩ። ከስድሳ ያለፉ፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ናቸው። የአባታቸው እርሻ ከሰበታ ዳር ነበር፤ መሬቱ በየዓመቱ ቤት እየበቀለበት ሲያልቅ የላቦራቶሪው ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። አንድ ቀን ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች ወንዝ ዳር ሙሉ ቀን ለፍተው ሦስት ሸርጣን ይዘው ሲመለሱ አይተው በማግስቱ ባልዲ ሙሉ አመጡላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ሰብሳቢ ሆኑ። የጎማ ቦት ጫማቸውን አድርገው ድንጋይ ሲገለብጡ ሁልጊዜ መልሰው እንደነበረ ያስቀምጡታል። እኔ ገልብጬ የተውኩትን ሳይቀር ተመልሰው ሄደው ያስተካክላሉ።

የመጀመሪያ ቀኔ ባልዲውን ፊቴ አስቀምጠው ከመሀሉ አንዱን በጀርባው በኩል በሁለት ጣት ያዙና «ያዢ» አሉኝ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ስሜን ጠየቁኝ፤ ትዕግስት አልኳቸው። ስም ያወጣልሽ ሰው ሳያይሽ ነው ያወጣልሽ አሉና ሸርጣኑን ገለበጡት። ሴቷ ሆዷ ላይ ሰፊ ክዳን እንዳላት፣ የወንዱ ጠባብ እንደሆነ አሳዩኝ። እኔ ዓይኔን ሳነሳ እጃቸውን እንጂ እንስሳውን እንዳላየሁ ገባቸው።

«እኔም እጸየፋታለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «ኦሪት አትብሏት አለ እንጂ አትወቋት አላለም።»

«ኢንተላ ኮ» ልጄ ማለት ነው፤ ሲቆጡም ሲያዝኑም የሚጠሩኝ በዚያ ነበር። እንደሚጸየፉ የተናገሩትም እውነታቸውን ነው። ሸርጣን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ፣ ከዚያ በሎሚ ያሻሉ፣ ከዚያ ያሸታሉ፤ ካልጠፋላቸው እንደገና ይጀምራሉ። ሚስታቸው አዴ አስካለ የሥራ ልብሳቸውን ከአጥር ውጭ ካላወለቁ ቤት አያስገቧቸውም ነበር። የሰፈራቸው ሰው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሰርግ ሲጠሩ ለብቻቸው ሳህን ይቀርብላቸዋል፤ ከአንድ ትሪ ከእሳቸው ጋር የሚቆርስ የለም፣ ጉርሻቸውንም የሚቀበል አልነበረም። ይህን ሲነግሩኝ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሆነው ነው። እኔ ግን የተማርነው የላቦራቶሪው ሰዎች ከሰፈራቸው ሰው እንደማንሻል አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። ጥርሴን ያመኛል አልኳቸው። ወደ ኪሳቸው መለሱት። በማግስቱ በአዲስ ላስቲክ የታሰረ ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ አስካለ ናት የቆላችው፣ እሷው ናት የቋጠረችው፣ እጄ አልነካውም አሉኝ። ጥርሴን እንዳላመመኝ አውቀው ነበር። አፍሬ በላሁት፤ ግን አሁንም ላስቲኩን ከውጭ በአልኮል ጠርጌ ነው የፈታሁት።

አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ እንጂ መጻፍ አይሆንላቸውም ነበር። ስለዚህ ሸርጣኖቹ በአልኮል የሚቀመጡባቸውን የመስታወት ማሰሮዎች በክር ነው የሚለዩት፤ ቀይ ክር የሱሉልታ፣ ነጭ የቡራዩ፣ ጥቁር የሰበታ። በአንድ ክር ላይ ያሉት ቋጠሮዎች ደግሞ ከምንጩ ስንተኛው ድንጋይ ሥር እንደተያዘ ይናገራሉ። ዶክተሩ ይህን አይቶ ሳቀና ይሄ ሳይንስ እንጂ ሹራብ ሥራ አይደለም ብሎ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ እየተጻፈ ማሰሮው ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። ጻፍን። በሁለት ሳምንት አልኮሉ ቀለሙን አጥቦት ሠላሳ ማሰሮ ሙሉ ሰማያዊ ውሃና ባዶ ወረቀት ሆነ። ኦቦ ደገፋ ትእዛዙን ሰምተው ወረቀቱን ቢያስገቡም ክራቸውን አልተዉም ነበርና ሥራው ዳነ። ዶክተሩ ይቅርታ አልጠየቀም። ለውጭ አገር ተባባሪዎቹ በላከው ሪፖርት ላይ ግን «አልኮል የማይጎዳው አገር በቀል የምልክት ዘዴ ቀይሰናል» ብሎ ጻፈ፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ወንዞቹን ሳልናገር ባልፍ ይሻለኝ ነበር። ከሰበታ በታች ያለው አንድ ቀን ሐምራዊ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል፤ ፋብሪካው በዚያ ሳምንት ያቀለመው ጨርቅ ምን ዓይነት እንደሆነ ከውሃው ይታወቃል። ያገለገለ ዳይፐር በየቁጥቋጦው ተንጠልጥሏል፣ የሞተ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ድንጋይ ተደግፏል። እኔ በማስክ ላይ ነጠላ ደርቤ ዳር ቆሜ ሳስመልስ እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ዳይፐሩን በእንጨት ገፋ አድርገው ከሥሩ ሸርጣን አወጡና ወደ እኔ አነሷት። እኛ ነን እሷን ርኩስ የምንለው ብለው አጉረመረሙና ባልዲያቸው ውስጥ ከተቷት። ከዚያ ቀን በኋላ ዳር መቆሜን ትቼ ገባሁ፣ ማስመለሴን ግን አልተውኩም።

ነገሩ የመጣው በዐቢይ ጾም መጨረሻ ሳምንት ነው። ከቡራዩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ለአንድ የበግ ግልገል መጠጫ ብቻ የምትበቃ ምንጭ ነበረች። ኦቦ ደገፋ ከዚያ አንዲት ሸርጣን ይዘው መጡ። ወተት የገባበት ሻይ ትመስላለች፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ሁለቱ መቆንጠጫዎቿ እኩል ናቸው፤ እኛ እስከዚያ ያየናቸው ሁሉ አንዱ ይበልጥባቸው ነበር። ስትነካም ወደ ጎን አትሮጥም፤ ጭቃ ውስጥ ትቀበራለች አሉ። ዶክተሩ ገረፍ አድርጎ አየና ሕፃን ናት፣ ስታድግ እንደ ሌሎቹ ትሆናለች አለ። ኦቦ ደገፋ ገለበጧት። በሰፊው የሆድ ክዳኗ ሥር እንቁላል ታቅፋለች።

«ሕፃን አይወልድም፣ ዶክተር» አሉት።

ዶክተሩ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። የዚያኑ ዕለት ለውጭ አገር ሰዎች አዲስ ዘር ሳላገኝ አልቀርም ብሎ ጻፈላቸው፤ «ሳላገኝ» ነው ያለው፣ «ሳናገኝ» እንኳ አላለም። ኦቦ ደገፋ ነጭ ክር አስረው አስረከቡኝና ከፋሲካ በኋላ እግሯ እንዲቆረጥ ተወሰነ።

ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ዶክተሩ ቁርጥ አስመጣ። አምስት ኪሎ ጥሬ ሥጋ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ ተደረደረ፤ ሰው ሁሉ ሁለት ወር የጾመ ሆዱን እያሻሸ ተሰበሰበ። ቢላ ግን ያመጣ የለም። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ «ስለት ያለው አንቺ ጋ አይደል?» አለ። እኔ፣ ፀጉር ካየሁ የማልበላው፣ ተነስቼ ሸርጣን የምንቆርጥባቸውን እጀታ ያላቸው ስለቶች አመጣሁ። ሸርጣን የምንዘረጋበትን ነጩን ትሪ አመጣሁ። በሳሙና አጥቤያቸው ነበር፤ የታጠበ ነገር ምን አለው አልኩ። ሁለት ወር የናፈቀኝ ሥጋ ፊቴ ተቀምጦ አፍንጫዬ ዝም አለ።

ኦቦ ደገፋም ሰው አይቅር ተብሎ ተጠሩ። በሩ ላይ ቆሙ። ዶክተሩ ለብቻቸው ወረቀት ላይ ቆርጦ፣ እጃቸውን እንዳይነካ በወረቀቱ ጫፍ አቀበላቸው። እሳቸው ግን ሥጋውን ሳይሆን ትሪውን ያዩ ነበር። ይሄ የእንስሳቶቹ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ። ታጥቧል ተባለ፤ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ኦቦ ደገፋ ወረቀቱን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኑረው እግዜር ይስጥልኝ ብለው ወጡ። የእሳቸውን እጅ የተጸየፍን ሰዎች ሸርጣን ሲገነጠልበት ከከረመ ትሪ ላይ እየጎረስን ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለቶቹን በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ቦታቸው መለስኩ። ደንቡ ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ስለት፣ ከዚያም አልኮልና እሳት ነው። አዲሶቹ ስለቶች እያለቁ ነበር፣ እኔም ከበዓል ድካም አልወጣሁም። ረቡዕ ጠዋት ያችን ትንሽ ሸርጣን በትናንቱ ስለት ቆረጥኳት።

ውጤቱ ከወር በላይ ቆይቶ መጣ። የሌሎቹ ሁሉ ትክክል ነው፤ የእሷ ንባብ ግን ከቀንድ ከብት ጋር ገጠመ። በሬ ሆና መጣች። ከውጭ ተባባሪዎቹ አንዱ ለዶክተሩ የኢትዮጵያ ሸርጣን ቀንድ አለው ወይ ብሎ ቀልዶ ጻፈለት። ዶክተሩ ያን ቀን የገባበት ንዴት የሳይንስ አልነበረም፤ የተሳቀበት ሰው ንዴት ነበር። ኦቦ ደገፋን አስጠራና ቤትህ ውስጥ በሥጋ ዕቃ ነው ያስቀመጥከው ብሎ ጮኸባቸው። የአባቱን እኩያ አንተ አላቸው።

ኦቦ ደገፋ አልጮኹም። በማሰሮ፣ በአልኮል፣ ክሯን አስሬ ለትዕግስት ሰጠኋት፤ ሥጋ ያስነካት በፋሲካው ማክሰኞ ቁርጥ የተበላበት ስለት ነው አሉ። ሁላችንም ሥጋውን በልተናል፣ ሁላችንም እናውቃለን። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ምን እንድመልስለት እንደሚፈልግ ይናገራል።

«ስለቱን አልቀየርሽም እንዴ?»

«አዲስ ስለት ነው የተጠቀምኩት» አልኩ።

ኦቦ ደገፋ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሱ። «እሺ። እሷ ካለች እሺ» አሉና ወጡ።

ኮንትራታቸው አልታደሰም። ዶክተሩ ሸርጣኗ የተበከለች ናት ብሎ እንድትወገድ አዘዘ፤ እሳት ውስጥ የጣልኳት እኔ ነኝ። እንደገና መቁረጥ ይቻል ነበር፤ የቀሩት እግሮቿ ደህና ነበሩ። ሁለተኛ ውጤት ግን የመጀመሪያውን ማን እንዳበላሸው ያጋልጣል። በሳምንት ውስጥ ወሬው ሰበታን ዞረ፤ ደገፋ ሥጋ ቆርጦ ሸርጣን ነው ብሎ ለፈረንጅ ሊሸጥ ሲል ተያዘ ተባለ። አረቄ ቤት ሲገቡ ሸርጣንህ ኪሎው ስንት ገባ ይሏቸው ጀመር። ድሮ እጃቸውን ብቻ ነበር የሚጸየፉት፤ አሁን ቃላቸውንም ተጸየፉት።

ሁለት ወር ያህል ቆይተው ላቦራቶሪው በር ላይ መጡ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በእግራቸው ያን ዳገት እየወጡ ፈልገው ሌላ አግኝተዋል። ያችው ወተት የገባበት ሻይ የምትመስል፣ ያው ነጭ ክር። የላቦራቶሪ አልኮል ስለሌላቸው አዴ አስካለ ያወጡት ዳግም አረቄ ውስጥ ነው የነከሯት። ይህ አንድ ቀን ያቆያታል፣ ከዚያ ወደ ጠንካራው አልኮል አዘዋውሪያት አሉኝ። ይህን እሳቸው ሊነግሩኝ አይገባም ነበር፤ ሥራዬ ነው።

«በንጹሕ ስለት ቁረጫት» አሉኝ። አልወቀሱኝም።

እሺ አልኳቸው። ማሰሮውን ከጠረጴዛዬ በታች ባለው መሳቢያ ከተትኩና ነገ አዘዋውራታለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ አሰብኩ። ይቺ አዲስ ዘር ሆና ከመጣች፣ ያችኛዋም አዲስ ነበረች ማለት ነው፤ ታዲያ ማን አበላሻት? መሳቢያውን ቆለፍኩት። ሽታ እንዳይወጣ ክዳኑ ላይ ላስቲክ አሰርኩ፤ እዚያ ላይ እንኳ ያሰብኩት ስለ አፍንጫዬ ነበር።

ክረምቱ ሲያልፍ ደወሉልኝ። ከምንጩ በላይ ቪላ የሚሠራ ሰው አፈሩን ገፍቶ አውርዶ ምንጩን ደፍኖታል፤ ውሃም ጭቃም የለም። የሚገለብጡት ድንጋይ እንኳ አልቀረም። «ያለችው አንቺ ጋ ያለችው ብቻ ናት» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ሳምባ ነው፣ ሐኪም ቤት እየተመላለስኩ ነው አሉ። በቅርቡ እልካታለሁ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውለዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ሲጮኽ ተቀምጬ አየሁት።

ቴሌግራሙን ያነበብኩ ቀን ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት መሳቢያውን መክፈት ነው። ላስቲኩን ስፈታ ሽታው ፊቴን መታው። አረቄው ተንኖ አልቋል። ከታች የቀረው ጥቁር ዝቃጭ፣ ከዝቃጩ ላይ የተነሳ ነጭ ሻጋታ፣ መሀሉ ላይ የተበታተነ ቅርፊት ነው። ያን ቀን ጓንት ሳላደርግ በወረንጦ ፈለግሁ፤ አንድ ንጹሕ ሥጋ ፈለግሁ፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያም ያነሰች። አንዲት ጥቁር ቁራጭ አግኝቼ ዘረመሏን ላባዛ ሞከርኩ። ምንም አልወጣም። ሦስት ጊዜ ደገምኩ፣ ምንም አልወጣም።

በሠልስቱ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ተቀምጧል። ዶክተሩም ጥቁር ኮት ለብሶ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ለሳይንስ የደከሙ ሰው እንደነበሩ ያወራል፤ ሰዎቹ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። አልፌው ወደ ቤት ገባሁ። አዴ አስካለ በሴቶች ተከበው ፍራሽ ላይ ናቸው። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ትዕግስት ማለት አንቺ ነሽ?» አሉ። «ስልክ በጮኸ ቁጥር እሷ ናት ስጡኝ ይል ነበር። የሸርጣኗ ስም ተገኘ ወይ?»

ተገኘ ልላቸው ነበር። አፌ ውስጥ መጥቶ ነበር፣ ሁላችሁም እዚያ ብትቀመጡ ይመጣባችሁ ነበር። ግን ማን አሏት ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለቱን፣ ውሸቴን፣ መሳቢያውን፣ ዝቃጩን። አዴ አስካለ አላለቀሱም፣ አላቋረጡኝም።

«እሱ ውሸታም እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ» አሉ ስጨርስ። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ውጪና ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ወጣሁ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ ኦቦ ደገፋ ያመጡት ሸርጣን ነበር፣ ሥጋ ያስነካሁት እኔ ነኝ፣ ዋሽቼባቸው ነው የተባረሩት አልኩ። ዶክተሩ ይህ አሁን ቦታው አይደለም አለ። ማንም ወደ እሱ አልዞረም። አረቄ ቤት ሲቀልዱባቸው ከነበሩት መሀል መሬት መሬቱን የሚያዩ ነበሩ። ከዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«እና እንስሳዋ እሱ እንዳለው ሌላ ዘር ነበረች ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። «ማወቂያዋ እኔ እጅ ላይ በሰበሰች። ሌላ የለችም።»

ወደ ቤት ተመልሼ ቅድም ወደነበርኩበት ፍራሽ ጎንበስ ስል አዴ አስካለ እጃቸውን አነሱ። እንዳልቀመጥ ነው። ውጭ ያልኩትን ሁሉ ከውስጥ ሰምተውታል።

«እሱ ያውቅ ነበር» አሉኝ። «ሌላ ናት ብሎ ነው የሞተው። ካኢ፣ ገሊ።»

ተነሺ፣ ግቢ ወደ ቤትሽ ማለት ነው። ሴቶቹ እንዳልነካቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ እያደረጉ አሳለፉኝ፤ እኔም ወጣሁ።